ሠላሳ ሰከንድ መንዙማ

ከከሚሴ በወጣሁበት ሌሊት ቤታችን ውስጥ የተኛ ሰው አልነበረም። እናቴ ሻንጣዬን ትፈታለች፣ መልሳ ታስራለች። አባቴ ሬዲዮኑን ዝቅ አድርጎ መንገዱ ክፍት ነው የሚል ወሬ ይጠብቃል። እኔ ደግሞ መዳፍ የማትሞላ አንዲት ሃርድ ዲስክ ይዤ የት እንደምደብቃት ጨንቆኝ ከክፍል ክፍል እዞራለሁ። በሶው ውስጥ ልክተታት ስል እናቴ ተቆጣች፤ የተቆጣችው ግን ለሃርድ ዲስኳ ሳይሆን ለበሶው ነው። በመጨረሻ በካልሲ ጠቅልዬ ከልብሶቼ መሀል ሸጎጥኳት። ውስጧ ያለው የሸህ ይመር ድምፅ ነበር።

ሸህ ይመር የእናቴ አጎት ናቸው። ጨፋ ሸለቆ ውስጥ ማሽላና ጤፍ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው፤ ሰው የሚያውቃቸው ግን በመንዙማቸው ነው። ሐሙስ ከሰዓት ሰው ለወዳጃ ሲሰበሰብ፣ ማለትም ለታመመው፣ ለጠፋው ከብት፣ ለዝናቡ በአንድነት ዱዓ ሊያደርግ ሲቀመጥ፣ መንዙማውን የሚያወርዱት እሳቸው ናቸው። በአማርኛ ይጀምሩና በኦሮምኛ ይቀጥላሉ፣ መሀል ላይ ዐረብኛ ይገባል፣ ተቀባዩ ምንም ሳይደናገር ይቀበላል። ድቤው፣ ከበሮው ማለት ነው፣ ቀስ ብሎ ይነሳና ሳይታወቅ ይፈጥናል። እኔ ከሚሴ ኮሌጅ ውስጥ ኮምፒውተር አስተምር ነበርና መጀመሪያ በስልኬ፣ በኋላ ደህና ሪከርደር ገዝቼ መቅዳት ያዝኩ። ቅጂው ሲበዛ፣ ኮምፒውተር ዜማ ሰምቶ ምቱንና ቅኝቱን፣ መሪውንና ተቀባዩን እንዲለይ ማስተማር የሚባል የጥናት ዘርፍ እንዳለ አነበብኩ። ለአንድ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ ጻፍኩ፣ ነይ አሉኝ። ባሕር አላቋረጥኩም፣ በረሃ ላይ አልተጠማሁም። ይህን የምለው በባሕርና በበረሃ እንደወጡት ልጆች ተሰደድኩ ብዬ እንዳልዋሻችሁ ነው።

ከመሄዴ በፊት በነበረው ቀን ኢጃዛ፣ ማለትም ፈቃድ፣ ልጠይቅ ሸህ ይመር ዘንድ፣ በአክብሮት ሸኾቹ የምንላቸው ዘንድ፣ ሄጄ ነበር። እኛ ዘንድ የሌላ ሰው መንዙማ ያለባለቤቱ ፈቃድ ከቦታው አይነሳም። ማሳቸው ዳር አገኘኋቸው።

"አሰላሙ ዐለይኩም አባዬ።"

"ወዐለይኪ ሰላም። ነይ ኢንተላ ኮ፣ ነይ ልጄ። አከም ጅርታ? እናትሽ ደህና ናት? አባትሽ? ከብቱ ደህና ነው?"

እኛ ከብት የለንም። ሰላምታው ግን ከብት ሳይጠየቅበት አይሞላምና ደህና ነው አልኳቸው።

"አባዬ፣ ድምፅዎን ይዤ ልሄድ ነው። ፈረንጅ አገር ኮምፒውተር ላይ ላጠናው ነው። ፈቃድዎን ፈልጌ ነው የመጣሁት።"

"ምን ያደርጉበታል?"

"ማሽኑ ይሰማዋል። መንዙማ እንዴት እንደሚወርድ ይማራል።"

"ማሽኑ ሰላዋት ያወርዳል?"

"ኧረ አያወርድም። መስማት ብቻ ነው።"

"ይስማ። መስማት ለማንም አይከለከልም። አንድ ነገር ግን ላስይዝሽ። የከፈቱትን ይዝጉት። ከሰላዋቱ ተነስተው እስከ ዱዓው ይሂዱ። ግማሹን ለሰው አትስጪ። አትቁረጪው፣ ሂን ኩትን።"

ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ወዳጃ ላይ መንዙማ ከተነሳ በሰላዋት፣ በነቢዩ ውዳሴ፣ ተከፍቶ በዱዓ ይዘጋል፤ ዝናብ ቢመጣ፣ እንግዳ ቢመጣ መሀል ላይ ተትቶ አይኬድም። የማውቀው ሌላም ነገር ነበር። ከኢንተርኔት ያወረድኳቸው የዘርፉ የድምፅ ስብስቦች በሙሉ ሠላሳ ሠላሳ ሰከንድ ተደርገው የተቆራረጡ ነበሩ። ያኔውኑ ልነግራቸው ይገባ ነበር። እዚያ ስደርስ አስረዳቸዋለሁ፣ እንቢ አይሉኝም ብዬ ራሴን አታለልኩ። "እሺ አባዬ፣ አልቆርጠውም" አልኩ። መዳፋቸውን ዘርግተው ረጅም ዱዓ አደረጉልኝና "ነጋን ዴሚ" ብለው በሰላም ሸኙኝ።

ሲነጋጋ ሚኒባሱ ተነሳ። ሰንበቴን አልፈን አንድ ኬላ ላይ አስወረዱን። ዕቃ የሚፈትሸው ልጅ ካልሲዋን አገኛት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ሃርድ ዲስክ ነው።"

"ካልሲ ውስጥ ምን ይሠራል?"

"እንዳይመታብኝ ነው።"

"ካልሲ ውስጥ የሚገባው እግር ነው። ምን አለበት?"

"መንዙማ።"

"ክፈቺው እስቲ።"

ላፕቶፔን የሚኒባሱ ወንበር ላይ አድርጌ ከፈትኩ። በዚያ ሰሞን መንገድ ላይ በትንሽ ነገር ሰው ይቀር ነበርና ተሳፋሪው ሁሉ ያየኛል። የሸኾቹ ድምፅ አስፋልቱ ላይ ወጣ። ልጁ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማ፣ ሌላኛው ጓደኛውም ቀረበ።

"ሁሉም ይሄ ነው?"

"ሁሉም።"

"ሁሉንም ቆሜ ልስማልሽ እንዴ? በቃ፣ ዝጊው።"

ዘጋሁት። አጠገቤ የተቀመጠች ጠና ያለች ሴት ሚኒባሱ ሲነሳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ዱዓው ሳይደርስ?" አለችኝ።

"ኬላ ላይ ነን እኮ እትዬ።"

"ልክ ነሽ" አለችና ፊቷን ወደ መስኮት አዞረች። እስከ ደብረ ሲና አላናገረችኝም።

ጀርመን ስደርስ አየር ማረፊያው ላይ ፓስፖርቴን የተቀበለኝ ሰውዬ ወረቀቴን ሦስቴ አገላበጠው። "የምታጠኚው ምንድን ነው?" አለኝ በእንግሊዝኛ።

"ኮምፒውተር ዘፈን እንዲያዳምጥ ማስተማር ነው።" መንዙማን ዘፈን ብዬ መጥራቴ ራሴን አሳፈረኝ፤ ግን ከኋላዬ ሰልፉ ረጅም ነው።

"የኛ ኮምፒውተሮች አያዳምጡም?"

"የኔን አገር ዜማ አያውቁም።"

"ቢያውቁትስ ምን ያደርግላቸዋል?"

ማኅተሙን መታና አሳለፈኝ።

የገባሁባት ከተማ ሰሜን ላይ ናት፣ ነፋሷ ከባሕር ነው። ከሚሴ ላይ ጥላ ፍለጋ ግድግዳ ግድግዳውን ነው የምንሄደው፤ እዚህ ፀሐይ ብልጭ ስትል ሰው ሥራውን ትቶ ደጅ ይወጣና ፊቱን ወደ ላይ አንጋጦ ይቆማል። ዳቦው ጥቁርና ከባድ ነው፣ ሁለት ቀን ካደረ ለጠብ ይሆናል። ወተቱ በካርቶን ነው፤ የሰንበቴን የግመል ወተት፣ ያንን ጭስ ጭስ የሚለውን፣ ሳስብ ምራቄን እውጣለሁ። ከሁሉም የከበደኝ ግን ሰላምታው ነው። "ሃሎ" ይልሃል፣ አለቀ። እናትህ ደህና ናት የሚል የለም። መጀመሪያ ሰሞን እኔ እጠይቅ ነበር። የቢሮ ጓደኛዬን እናትህ እንዴት ናት አልኩት፤ ደንግጦ "ምነው፣ ምን ሰማሽ?" አለኝ። ከዚያ ወዲህ ተውኩት።

ክፍል ያከራየችኝ ፍራው ሽልተር የምትባል ባልቴት ናት። ፍራው ማለት ወይዘሮ ነው። ገና በሁለተኛው ሳምንት በሬን አንኳኳች።

"ክፍልሽ ውስጥ ስንት ሰው ነው ያለው?"

"እኔ ብቻ ነኝ።"

"ቢያንስ ሃያ ወንዶች ሰምቻለሁ።"

"ላፕቶፑ ውስጥ ናቸው።"

"ውሉ የሚለው አንድ ሰው ነው።"

"እነሱ እኮ ጨፋ ናቸው፣ ፍራው ሽልተር። ሥራዬ ነው።"

"ጨፋ የትም ይሁን፣ ከምሳ በኋላ ሩሄ ነው።" ሩሄ የሚሉት ጸጥታን ነው፤ እዚህ አገር ሰዓት ተመድቦለት በውል ላይ ይጻፋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጆሮ ማዳመጫ ሆነ። ወዳጃን ብቻዬን እሰማለሁ፣ ዱዓው ላይም አሚን የምለው በከንፈሬ ብቻ ነበር። አንዳንዴ አልቅሼያለሁ፣ አልዋሽም።

ሥራው ግን ደስ ይለኝ ነበር። አለቃዬ አኔግሬት ትባላለች፣ ፕሮፌሰር ናት፣ በስሟ ጥሪኝ አለች፤ አፌ እስኪለምደው ወር ፈጀ። የሸኾቹን ድምፅ ኮምፒውተሩ ላይ እንደ መስመር አየሁት፤ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው እንደ ፒያኖ ሳይዘሉ እየተንሸራተቱ ሲሄዱ፣ የት ላይ እንደሚያርፉና የት ላይ እንደሚንቀጠቀጡ በዓይኔ አየሁ። ፕሮግራሙ በድቤው ተቸገረ። ምቱ ቀስ በቀስ ስለሚፈጥን ማሽኑ አንዴ እጥፍ ያደርገዋል፣ አንዴ ግማሽ። ወራት ፈጅቼ አስተካከልኩት። መሪውን ከተቀባዩ የለየ ቀን አኔግሬት ወንበሯን ጎትታ አጠገቤ ተቀምጣ ሙሉውን ሰማች፣ ሃምሳ ደቂቃ። እውነቴን ነው፣ ያን ቀን ወደድኳት።

ጣጣው የመጣው በሁለተኛው ዓመት ነው። ውሌ ፀደይ ላይ ያልቃል። የመኖሪያ ፈቃዴ የሚታደሰው ውሉ ከታደሰ ነው፤ ውሉ የሚታደሰው ደግሞ የሸኾቹ የድምፅ ስብስብ ለዘርፉ ዓመታዊ ጉባኤ ደርሶ ማንም ተመራማሪ እንዲያወርደው ይፋ ሲሆን ነው። ከቤት ደግሞ መንገዱ እንደገና ተዘጋ፣ ያስተማርኩበት ኮሌጅም እንደተዘጋ ነው የሚል ወሬ ይመጣል። የምመለስበት ሥራ አልነበረኝም።

"በተለመደው መንገድ እናዘጋጀው" አለችኝ አኔግሬት። "ሠላሳ ሠላሳ ሰከንድ።"

"ይህ አይቆረጥም።"

"ለምን?"

"የተከፈተ ይዘጋል። ሰውዬው እንዲህ ብለው ነው የፈቀዱልኝ። እሺ ብያቸዋለሁ።"

ክፉ ሰው አይደለችም። "ሩቅያ፣ ሠላሳ ሰከንድ የምናደርገው ለዘፋኙ ብለን ነው። ሙሉውን ብንለቅ ማንም ወስዶ ይሸጠዋል። ቁራጭ ግን ማንም አይፈልግም። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ሙሉውን እንድንለቅ አይፈቅድም።"

"እንግዲያው አንልቀቀው።"

"ያኔ ውልሽን የማድስበት ነገር የለኝም።" ይህን ስትል ድምፅዋ ዝቅ አለ። "ቅድመ ሁኔታውን በጽሑፍ ሰጥተውሻል? ቅጹ ላይ ላስገባው።"

በጽሑፍ። ሸኾቹ የሰጡኝ ነገር መዳፍ ዘርግተው ነው። ቅጹን ተቀብዬ አየሁት፤ ስም፣ ቀን፣ ፊርማ፣ ከዚያ ምልክት የሚደረግባቸው ሳጥኖች። አትቁረጪው የሚል ሳጥን የለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልተኛሁም። እናቴን ልጠይቃት አስቤ ደወልኩና ስለ ዘይት ዋጋ አውርተን ዘጋን። ለሸኾቹ ደውዬ እውነቱን ብናገር ወይ ይፈቅዱልኛል፣ ወይ ይከለክሉኛል። ከከለከሉኝ የመኖሪያ ፈቃዴ አበቃ። ስለዚህ አልደወልኩም። እንግዲህ ልብ በሉ፣ የከለከለኝ ሰው አልነበረም፤ ያልጠየቅኩት እኔ ነኝ።

የቆረጥኩት ሐሙስ ከሰዓት ነው። ቀኑን መርጬ አይደለም፣ የማስረከቢያው ቀን በማግስቱ ስለነበር ነው። ሁሉን የሚቆራርጠው ትእዛዝ ስድስት መስመር ነበር። አንዴ ተጫንኩት፤ ሻይ ለማፍላት የሚበቃ ጊዜ እንኳ አልወሰደም። ስመለስ አቃፊው በቁራጮች ተሞልቷል፣ እያንዳንዱ ሠላሳ ሰከንድ፣ በቁጥር የተሰየመ። ልቆጥራቸው አልደፈርኩም ነበር፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ከግርጌ ጽፎታል፣ ስምንት መቶ አሥራ ሁለት። ዱዓዎቹን ፈለግኳቸው። የሉም። ማሽኑ ዜማ ያልሆነውን ንግግር ብሎ ለይቶ ጥሎታል፤ እንዲህ እንዲያደርግ ያስተማርኩት ደግሞ እኔው ነኝ። መዝጊያው በሙሉ ተጥሎ መሀል መሀሉ ቀረ።

ውሌ ታደሰ። በጉባኤው ላይ አጨበጨቡልኝ፣ አኔግሬት አቀፈችኝ፣ ፍራው ሽልተር እንኳ ኬክ ጋገረችልኝ። በላሁት። ለቤተሰብ ገንዘብ አላኩም እያልኩ ከመሳቀቅ ዳንኩ። ለእናቴ ስነግራት እልልታዋ ከስልኩ አልፎ ወጣ።

በአምስተኛው ወር እናቴ ራሷ ደወለች። እሷ አትደውልም፤ ሚስኮል ነው የምታደርገው።

"ሩቄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጆቹ ስልክ ላይ የሚዞር ነገር አለ። ሰው የሚጨፍርበት። የፈረንጅ ከበሮ ገብቶበታል፣ ውስጡ ግን የአባዬ ድምፅ ነው። እየደጋገመ እዚያው ይመለሳል እንጂ አያልቅም። አንቺ ታውቂዋለሽ?"

ከሌላ ስልክ አሰማችኝ፤ የቱ ቁራጭ እንደሆነ ወዲያው አወቅኩ። አንዱ የማላውቀው ሰው፣ በማላውቀው አገር፣ ከስብስቡ አንዱን ቁራጭ ወስዶ የጭፈራ ሙዚቃ ሠርቶበታል። ለአኔግሬት በማግስቱ ነገርኳት፤ ደነገጠች፣ ስብስቡን ከድረ ገጹ አነሳችው። የወረደውን ግን ማን መልሶ ያመጣዋል። ማን ጋ እንደደረሰ እንኳ አይታወቅም።

"እሳቸው ሰምተውታል?" አልኳት እናቴን እዚያው ስልኩ ላይ።

"ሰምተዋል። ከሐጅ ወር ወዲህ ታመዋል እኮ፣ አንቺ እንዳትጨነቂ ብለን ነው ያልነገርንሽ። ደረታቸውን ነው። እኛ ቤት ነው የተኙት፣ ለሐኪሙ እንዲቀርባቸው። ላገናኝሽ?"

እንቢ ማለት እችል ነበር። "አገናኚኝ" አልኩ።

ሰላምታውን ሳያጓድሉ ሁሉንም ጠየቁኝ፤ ጤናዬን፣ ሥራዬን፣ ያከራየችኝን ሴትዮ፣ ከብቱን። ትንፋሻቸው አጥሯል። በየጥያቄው መሀል ያርፋሉ።

"ሰማሁት" አሉ ከዚያ። "ድምፁ የኔ ነው። ከበሮው የኔ አይደለም።"

"ጥፋቱ የኔ ነው አባዬ። ቆርጬዋለሁ። አልቆርጥም ብዬዎት ቆረጥኩት። አፉ ይበሉኝ።"

"የት ላይ ነው የቆረጥሽው?"

ያልጠበቅኩት ጥያቄ ነበር። ቦታውን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ የቱ መንዙማ እንደሆነ ነገርኳቸውና "ተቀባዩ ለሁለተኛ ጊዜ ሊቀበል ሲል ነው" አልኩ።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያው ከተቆረጠበት አንስተው ማውረድ ጀመሩ። ድቤ የለም፤ አንዱ መዳፉን አልጋው ጠርዝ ላይ ይመታል፣ አባቴ ይመስለኛል። እናቴ ትቀበላለች፣ ጎረቤት ገብቶ መሆን አለበት ድምፁ እየበዛ ሄደ። ሸኾቹ እየሳሉ ያቋርጣሉ፣ ያቋረጡበትን መልሰው ይዘው ይቀጥላሉ። እኔም ሩሄውን ረስቼ ድምፄን አውጥቼ ተቀበልኩ። ፍራው ሽልተር አላንኳኳችም። ዱዓው ላይ ሲደርሱ ለታመመው፣ ለመንገዱ፣ ለአገሩ፣ በሰው አገር ላለችው ልጅ ለመኑ፤ አሚን አልን።

"ተዘጋ" አሉ። "አፉ ብዬሻለሁ ልጄ። እኔ የፈራሁት ተከፍቶ እንዳይቀር ነበር።" ረጅም ጊዜ ተነፈሱ። "ሌላ የቆረጥሽው አለ?"

ላፕቶፑ ፊቴ ክፍት ነበር፣ ቁራጮቹ በሙሉ ተደርድረዋል። አለ ብላቸው ሁለተኛውን ያነሳሉ፤ አውቃቸዋለሁ። ሁለተኛው ሲዘጋ ሦስተኛውን ይጠይቁኛል፣ በዚያ ደረት፣ ትንፋሻቸው እስኪያልቅ። የለም ብላቸው ደግሞ አፉ ያሉኝ ለአንዷ ቁራጭ ብቻ ይሆናል።

"የለም አባዬ" አልኩ።

"አልሐምዱሊላህ።"

ይህን የምጽፈው ለማን እንደሆነ አላውቅም። ከሚሴ ሆናችሁ የምታነቡ ካላችሁ፣ እሳቸው አማርኛ አያነቡምና እባካችሁ ማንም እንዳያነብላቸው። አንዳንዴ ደግሞ አንዱ ባነበበላቸው ብዬ እመኛለሁ። ሐሙስ ሐሙስ እየደወልኩ ነው። አውሮፕላን ላይ ወጥቼ እግራቸው ሥር ቁጭ ብል እወድ ነበር፤ የመኖሪያ ፈቃዴ በእድሳት ላይ ስለሆነ ከወጣሁ መግባቴ ያጠራጥራል ተብያለሁ። ባለፈው ሐሙስ ድምፃቸው በጣም ደክሞ ነበር፣ እናቴ ስልኩን ይዛላቸው።

"ሌላ የለም አይደል?" አሉኝ እንደገና።

"የለም አባዬ።"

"አሳርፈሽኛል ኢንተላ ኮ" አሉኝ።